ስልክ ካነሳው ደንበኛ ወደ ኋላ፦ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን ቁጥር ማንበብ ለአነስተኛ ነጋዴ

ድረ ገጽ ያሠራ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ገባ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ለብቻው ሲቆም ግን የትም አያደርስም። ሺህ ሰው ገብቶ አንድም ሳይደውል ከሚወጣ፣ አርባ ሰው ገብቶ ሦስቱ ዋጋ ቢጠይቁ ይሻላል። የጎብኚ ቁጥር የሚነበበው መጨረሻ ላይ ስልክ ካነሳው ሰው ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው። ይህ መመሪያም የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነው።

ለማስረዳት እንዲመች አንድ ነጋዴ እናስብ። ገርጂ አካባቢ ሶፋ፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ዕቃውን በቴሌግራም ቻናልና በፌስቡክ ያስተዋውቃል። ደንበኛው ፎቶውንና ልኩን በድረ ገጹ ላይ ያያል፤ ከዚያ ይደውላል ወይም በቴሌግራም ይጽፋል፤ ዋጋው የሚቆረጠው በንግግር ነው። በድረ ገጹ ላይ የሚከፈል ክፍያ የለም። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው እዚያው ድረ ገጹ ላይ እንደሚከፍል አድርገው ስለሚነሡ፣ እንዳሉ ቢወሰዱ ለዚህ ሰው አይገጥሙትም።

ደረጃ 1፦ ኮምፒውተሩን ሳይከፍቱ ጥያቄዎን ይጻፉ

ጎብኚው ምን እንዲያደርግልዎ እንደሚፈልጉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ለገርጂው ነጋዴ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ስልክ ቁጥሩን መንካት፣ ወደ ቴሌግራም መሻገር፣ የዋጋ ዝርዝሩን ማውረድ። ከሥሩ ደግሞ በቁጥሩ ተመርተው የሚወስኑትን ይጻፉ፤ «ለፌስቡክ ማስታወቂያ የማወጣው ብር ይቀጥል ወይስ ይቁም?»፣ «ከአልጋና ከቁም ሳጥን የትኛው ተጨማሪ ፎቶ ያስፈልገዋል?» የመሳሰለውን። የትኛውንም ውሳኔ የማይለውጥ ቁጥር ቢቀርዎ ምንም አይጎድልብዎም።

ደረጃ 2፦ ቆጣሪውን በራስዎ ስም ይክፈቱ

ድረ ገጽዎን የሚያስተናግደው ድርጅት በመቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የራሱ ስታቲስቲክስ ይኖረዋል። እዚያ ትልቁ ቁጥር «ሂትስ» የሚባለው ነው፤ በእሱ አይደሰቱ። ሂት ማለት ከአገልጋዩ ኮምፒውተር የተጠየቀ አንድ ፋይል ነው። ሃያ ፎቶ ያለበትን ገጽ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢከፍት ገጹ ራሱና ፎቶዎቹ ተደምረው ቢያንስ ሃያ አንድ ሂት ይመዘገባል። «ድረ ገጽዎ በወር ሃምሳ ሺህ ሂት አለው» የሚል ሪፖርት ያመጣልዎ ባለሙያ ካለ ስለ ሰዎቹ ይጠይቁት።

በነጻ የሚገኘውና ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቆጣሪ ጎግል አናሊቲክስ ነው። ጎግል ኡርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሲሆን፣ ዛሬ ያለው አራተኛው ትውልድ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ከሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቁጠር አቁሟል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀረጸ የማስተማሪያ ቪዲዮ ቢያዩ ገጾቹ ከእርስዎ ጋር አይመሳሰሉም፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። በጂሜይል አድራሻዎ ይግቡ፤ የንግዱን ስም ያስገቡ፤ የሰዓት ክልሉን ኢትዮጵያ ያድርጉ፤ የድረ ገጹን አድራሻ ይስጡ። በመጨረሻ «ጂ» በሚለው የላቲን ፊደልና በሰረዝ የሚጀምር መለያ ይሰጥዎታል። ከመለያው ጋር የሚመጣውን አጭር ኮድ ድረ ገጹን የሠራልዎ ባለሙያ በሁሉም ገጾች ላይ ያስገባዋል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አካውንቱ የሚከፈተው በእርስዎ ጂሜይል ነው። «እኔ ከፍቼ ሪፖርቱን እልክልዎታለሁ» የሚል ባለሙያ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አገር ሲለቅ ወይም ሳትስማሙ ስትለያዩ የዓመታት መዝገብዎ አብሮት ይሄዳል። እርስዎ ባለቤት ሆነው እሱን በተጠቃሚነት ያስገቡት። የድረ ገጹ ስምና አስተናጋጁ ድርጅት ዘንድ ያለው አካውንትም እንዲሁ በእርስዎ ስም ይሁን።

መሥራቱን ለማረጋገጥ ድረ ገጹን በራስዎ ስልክ ይክፈቱና አናሊቲክስ ውስጥ «ሪልታይም» የሚለውን ይመልከቱ፤ ብዙ ሳይቆይ አንድ ጎብኚ ብቅ ካለ እርስዎ ነዎት። ከመውጣትዎ በፊት በማስተካከያው ክፍል «ዳታ ሪቴንሽን» የሚለውን ከሁለት ወር ወደ አሥራ አራት ወር ይቀይሩት። ካልቀየሩት «ኤክስፕሎር» በሚባለው ክፍል የሚደረገው ዝርዝር ምርመራ ከሁለት ወር ወደ ኋላ አያሳይዎትም።

ደረጃ 3፦ ቃላቱ ምን እንደሚቆጥሩ ይወቁ

«ዩዘር» ሰው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አንድ የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። አንዲት ደንበኛ ሊንኩን በቴሌግራም ውስጥ ከፍታ ብታይ፣ ማታ ለባለቤቷ ልታሳየው በክሮም ብትከፍተው፣ በማግሥቱ ደግሞ ከቢሮ ኮምፒውተር ብትገባ፣ ቆጣሪው ሦስት ዩዘር ሊላት ይችላል። በተቃራኒው በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ባልና ሚስት አንድ ናቸው። ቁጥሩን እንደ ሕዝብ ቆጠራ አይውሰዱት፤ ካለፈው ሳምንት ከፍ አለ ወይስ ዝቅ ለማለት ግን ይበቃል።

«ሴሽን» አንድ ጉብኝት ነው። ጎብኚው ለሠላሳ ደቂቃ ምንም ሳያደርግ ከቆየ ጉብኝቱ ያበቃል፤ ሲመለስ አዲስ ይጀመራል። «ቪው» ደግሞ አንድ ገጽ የተከፈተበት ብዛት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኢንጌጅመንት ሬት» በሚባለው ላይ ነው። አናሊቲክስ አንድን ጉብኝት ቁም ነገር ያለው ብሎ የሚቆጥረው ከሦስቱ አንዱ ሲሟላ ነው፦ ከአሥር ሰከንድ በላይ ከቆየ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ገጽ ከታየበት፣ ወይም እርስዎ ቁልፍ ብለው የመዘገቡት ድርጊት ከተፈጸመበት። ከመቶው ይህን ያላሟላው ክፍል «ባውንስ ሬት» ይባላል። አሁን አንድ ሰው ጎግል ላይ የሱቁን ስም ፈልጎ ገባ፤ ከላይ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር አየ፤ በስምንት ሰከንድ ውስጥ በሌላ ስልክ ደውሎ አልጋ አዘዘ እንበል። በአናሊቲክስ ዓይን ይህ ሰው ምንም ሳይጠቀም የወጣ ነው። ባውንስ ሬት ከፍ ስላለ ብቻ ድረ ገጹን አፍርሰው እንደ ገና አያሠሩ።

ደረጃ 4፦ የስልክና የቴሌግራም ንክኪ እንዲቆጠር ያድርጉ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜ ወስደው ይሥሩት።

መጀመሪያ ስልክ ቁጥሩ የሚነካ መሆኑን ያረጋግጡ። በርካታ ድረ ገጾች ላይ ቁጥሩ ያለው ፎቶው ላይ ተጽፎ ነው። ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር በጣት ቢነካ አይደውልም፣ አይቀዳም፣ አይቆጠርም፤ ደንበኛው በእስክሪብቶ ገልብጦ እንዲደውል መጠየቅ ነው። ባለሙያዎን ቁጥሩን በጽሑፍ፣ በመደወያ ሊንክ መልክ፣ በ+251 አስጀምሮ እንዲያስገባው ይንገሩት። በውጭ አገር ሆኖ ለእናቱ ሶፋ መግዛት የሚፈልግ ልጅም በዚያው ንክኪ ይደውላል።

ቀጥሎ ቆጠራው ነው። የስልክ ንክኪን አናሊቲክስ በራሱ አይመዘግብም። ለዚህ ጎግል ታግ ማናጀር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፤ በእሱ አማካይነት «የመደወያ ሊንክ በተነካ ቁጥር መዝግብ» የሚል ትእዛዝ ይዘጋጃል። ባለሙያ ከያዘው ረጅም ሥራ አይደለም። ወደ ቴሌግራም የሚወስደው ሊንክ ግን ይቀላል፤ ከድረ ገጹ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማንኛውም ንክኪ «ኤንሃንስድ ሜዠርመንት» የተባለው ክፍል እስከ በራ ድረስ በራሱ ይመዘገባል። የዋጋ ዝርዝሩ በፒዲኤፍ ከተቀመጠ ማውረዱም እንዲሁ። እርስዎ የሚቀርዎ ከሁሉም የውጭ ንክኪ የቴሌግራሙን ለይቶ ስም መስጠት ነው።

ከዚያ ሦስቱን ድርጊቶች «ኪ ኢቨንት» (ቁልፍ ድርጊት) ብለው ምልክት ያድርጉባቸው። ምልክቱ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ሪፖርት ከጎብኚው ቁጥር ጎን ስንቱ እንደነካ ያሳያል። ያለፈውን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሞላም፤ ስለዚህ ለነገ አይበሉት።

ንክኪ ጥሪ አይደለም፤ ነክቶ የሚተውም አለ። ስለዚህ ከመደወያው ስልክ አጠገብ ደብተር ይቀመጥና ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ እያንዳንዱን ደዋይ «የት አይተውን ነው የደወሉት?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን በአንድ ቃል ይጻፍ። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። በሪፖርቱ ሃያ ንክኪ ተመዝግቦ በደብተሩ አምስት ጥሪ ብቻ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስልኩ ስንት ጊዜ ሳይነሳ እንደ ቀረ ነው።

ደረጃ 5፦ ከየት እንደ መጡ ይለዩ

«አኩዊዚሽን» ከሚለው ሥር «ትራፊክ አኩዊዚሽን»ን ይክፈቱ። ጎብኚዎቹ በመጡበት መንገድ ተከፍለው ይታያሉ። «ኦርጋኒክ ሰርች» ማለት ጎግልን በመሰለ መፈለጊያ፣ ያለ ማስታወቂያ የመጡ ናቸው፤ «ኦርጋኒክ ሶሻል» ከፌስቡክና ከመሰሎቹ፤ «ሪፈራል» ከሌላ ድረ ገጽ ሊንክ። «ዳይሬክት» የሚለው ግን ስሙ ያሳስታል። አድራሻውን በቃላቸው ይዘው የጻፉት ብቻ አይደሉም፤ ምንጫቸው ያልታወቀ ሁሉ የሚጣልበት ቅርጫት ነው። ከቴሌግራምና ከዋትስአፕ የሚመጣው ጎብኚ በብዛት የሚወድቀው እዚያ ውስጥ ነው። ንግዱ በቴሌግራም የሚንቀሳቀስ ሰው «ዳይሬክት» በዝቶ ቢያይና «ሰው ስሜን አውቆታል» ብሎ ቢደሰት፣ ደስታው ያለ ቦታው ነው።

መፍትሔው ሊንኩ ላይ ምልክት መለጠፍ ነው። ምልክቱ ዩቲኤም ይባላል፤ ከላይ የጠቀስነው ኡርቺን ያወረሰው ስም ነው። ጎግል ለዚህ የሚሆን ነጻ መሥሪያ ገጽ አለው። የድረ ገጹን አድራሻ ያስገባሉ፤ በምንጩ ሳጥን ቴሌግራም፣ በመንገዱ ሳጥን ሶሻል፣ በዘመቻው ሳጥን ለምሳሌ የፋሲካ ቅናሽ ብለው ይሞላሉ፤ ገጹ ረጅም ሊንክ ይሠራልዎታል። ቻናሉ ላይ የሚለጥፉት ያንን ነው። ለፌስቡኩ ሌላ፣ ለቲክቶኩ ሌላ ይሠራሉ።

አጻጻፉን አንድ ዓይነት ያድርጉ። በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንድ ጊዜ በትልቁ፣ አንድ ጊዜ በትንሹ ፊደል ከጀመሩ ቆጣሪው ሁለት የተለያዩ ምንጮች አድርጎ ይይዛቸዋል። ሁልጊዜ በትንሹ ፊደል ብለው ይወስኑና የተጠቀሙባቸውን ቃላት በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ። የደንበኛ ስም ወይም ስልክ ቁጥር ሊንክ ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የጎግል ደንብ ይከለክለዋል፣ እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን።

ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ንባቡ እንዲህ ይሆናል። ለምሳሌ ከፌስቡክ ማስታወቂያ 1200 ጉብኝት መጥቶ 6 ሰው ስልኩን ነካ፤ ከቴሌግራም 300 ጉብኝት መጥቶ 9 ሰው ነካ እንበል። በጎብኚ ብዛት ፌስቡክ አራት እጥፍ ይበልጣል። ከመቶ ጎብኚ ግን ከፌስቡክ የመጣው ግማሽ ሰው፣ ከቴሌግራም የመጣው ሦስት ሰው ነው። ለፌስቡኩ 6000 ብር ወጥቶ ከነበረ እያንዳንዱ ንክኪ 1000 ብር ፈጅቷል ማለት ነው። አንድ ሶፋ ሲሸጥ የሚቀርልዎን ትርፍ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ ይህ ውድ ይሁን ርካሽ የሚፈርዱትም እርስዎ ነዎት።

ቁጥሩ ሲያንስ ግን በመቶኛ አይፍረዱ። በሳምንት 4 የነበረው ንክኪ 6 ሲሆን «በ50 በመቶ አደግን» ማለት ይቻላል፤ ሁለት ጎረቤቶች ነክተው ሊሆንም ይችላል። ቢያንስ የአንድ ወር ድምር ይጠብቁ።

ደረጃ 6፦ ራስዎንና ማሽኖችን ከሂሳቡ ያውጡ

ጎብኚዎ ጥቂት በሆነ ቁጥር የእርስዎና የሠራተኞችዎ መግባትና መውጣት ሚዛኑን ያዛባል። አናሊቲክስ የሱቁን የኢንተርኔት አድራሻ ለይቶ የሚያስቀር ማጣሪያ አለው፤ ሆኖም የሚጠቀሙት የሞባይል ዳታ ከሆነ አድራሻው ስለሚለዋወጥ ማጣሪያው አይይዝም። በኮምፒውተር ለሚሠሩት ጎግል ያዘጋጀውን፣ ከቆጠራ የሚያስወጣውን የማሰሻ ተጨማሪ መጫን ይቀላል። በስልክ ለሚገቡት «ፎቶ ለደንበኛ ማሳየት ከፈለጋችሁ ከጋለሪ አሳዩ» ማለት ይበቃል።

አናሊቲክስ የታወቁ የማሽን ጎብኚዎችን ራሱ ያስቀራል፤ የማይታወቁት ያልፋሉ። በከተሞች ዝርዝር ውስጥ አሽበርን የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ብትታይ ቶሎ አይደሰቱ። አሽበርን እጅግ ብዙ የመረጃ ማዕከላት የተከማቹባት ቦታ ናት፤ ከዚያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማሽን ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ከዋሽንግተን ብዙም የማትርቅ መሆኗ ነው፤ በዚያ አካባቢ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል። የሚለዩት በቆይታው ነው፦ ዜሮ ሰከንድ ቆይቶ አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ የሚጠፋው ማሽን ነው ቢሉ አይሳሳቱም፤ ሦስት አራት የአልጋ ገጽ አገላብጦ ቴሌግራም የነካው ሰው ነው። ቪፒኤን የሚጠቀም የአዲስ አበባ ሰውም ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የገባ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ የአገሮችን ዝርዝር በጥርጣሬ ያንብቡ።

ደረጃ 7፦ ሰዎች ምን ብለው እንደሚፈልጉ ይመልከቱ

አናሊቲክስ ጎብኚው ከገባ በኋላ ያደረገውን ይነግርዎታል። ከመግባቱ በፊት ጎግል ላይ ምን ብሎ እንደጻፈ የሚነግርዎ ሰርች ኮንሶል የሚባለው ሌላ ነጻ መሣሪያ ነው፤ የአሥራ ስድስት ወር መዝገብ ይይዛል። አራት ቁጥር ያሳያል፦ ስንት ጊዜ በፍለጋ ውጤት ላይ እንደታዩ፣ ስንት ጊዜ እንደተነኩ፣ የንክኪው መቶኛ፣ እና በአማካይ በስንተኛ ተራ እንደሚገኙ።

ብዙ ጊዜ ታይተው ጥቂት ጊዜ የተነኩባቸውን ፍለጋዎች ይፈልጉ። ተራዎ ከአንድ እስከ አምስት ሆኖ ካልተነኩ፣ በውጤቱ ላይ የሚታየው ርእስ ሰውን አልጠራም። የገጹ ርእስ «መነሻ ገጽ» ከሆነ ማን ይነካዋል? «የቁም ሳጥን ዋጋና ልክ፣ ገርጂ» ቢሆን ይሻላል።

ለአማርኛ ፈላጊ ደግሞ የፊደሉን ጉዳይ ያስቡ። አንዱ «ቁምሳጥን» ብሎ ገጥሞ፣ ሌላው «ቁም ሳጥን» ብሎ ለይቶ ይጽፋል፤ «ዕቃ» በዐይኑ ዐ፣ «እቃ» በአሌፉ አ ይጻፋል፤ በርካታው ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ሰርች ኮንሶል የእርስዎ ደንበኞች የቱን እንደሚመርጡ ያሳይዎታል። በርእሱ ላይ የበዛውን ይጠቀሙ፤ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ያስገቡት።

ደረጃ 8፦ ሰዓቱንና ወቅቱን በእኛ አቆጣጠር ይተርጉሙ

ሪፖርቱ ሰዓትን ከዜሮ እስከ ሃያ ሦስት ይቆጥራል። 20 የሚለው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ብዙው ጎብኚ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ከሆነና ስልኩ የሚዘጋው 12 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ንክኪውና ጥሪው ለምን እንዳልተመጣጠነ መልሱን አገኙ።

ካለፈው ዓመት ጋር ሲያነጻጽሩ በዓላቱን ያስታውሱ። ፋሲካ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። የ2016 ሚያዝያ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ጾም ነበር፤ የ2017ቱ ከግማሽ በላይ ፍስክ ነው። ለሙሽሮች አልጋ የሚሸጥ ሰው ሁለቱን ወራት በቀጥታ ቢያወዳድር ዕድገት ያልሆነውን ዕድገት ይለዋል። ማወዳደር የሚገባው ከፋሲካ በኋላ ያሉትን አራት ሳምንታት ከፋሲካ በኋላ ካሉት አራት ሳምንታት፣ ጥርን ከጥር ጋር ነው። አናሊቲክስ የፈለጉትን ቀን መርጠው እንዲያነጻጽሩ ይፈቅዳል።

ደረጃ 9፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይመልከቱ

በየቀኑ የሚያይ ሰው በየቀኑ ይደነግጣል። የዛሬው ቁጥር ተጣርቶ ሙሉ የሚሆነው ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ስለሆነ፣ እሑድ የሚያልቀውን ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ያንብቡ። የሚጻፉት አራት ነገሮች ናቸው፦ የጉብኝቱ ብዛት፣ የስልክና የቴሌግራም ንክኪ ከነምንጩ፣ ብዙ የታየው የዕቃ ገጽ፣ በደብተሩ የተመዘገበው ጥሪ። ከጎኑ በዚያ ሳምንት የተደረገውን ያስፍሩ፤ አዲስ ፎቶ ተለጥፎ ከነበረ፣ ማስታወቂያ ተከፍሎ ከነበረ፣ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ከነበረ።

ቁጥሩ በድንገት ሲወድቅ

ወደ ዜሮ ከወረደ ሰው አልጠፋም፤ ቆጣሪው ጠፍቷል። ድረ ገጹ በቅርቡ ታድሶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ንድፉ ሲቀየር ኮዱ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ድረ ገጹ ራሱ የማይከፈት ከሆነ የስሙ ዓመታዊ ክፍያ አልፎበት እንደሆነ ይዩ። በግማሽ ወርዶ ከሆነ ደግሞ የትኛው ምንጭ እንደወረደ ይለዩ። ፌስቡክ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያው አልቋል። ጎግል ብቻ ከሆነ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ፔጅ ኢንዴክሲንግ» የሚለውን ከፍተው ከመዝገብ የወጡ ገጾች መኖራቸውን ያረጋግጡና ከነምክንያቱ ለባለሙያዎ ይላኩለት። ሁሉም ምንጭ እኩል ከወረደ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ፤ ምናልባት የሕማማት ሳምንት ነው።